ተገልብጦ የቆመው ጭልፊት

በዚያ ዓመት ዝናብ አልመጣም። ግድቡ ጎደለ። መብራት አንድ ቀን ከመጣ ሁለት ቀን ይጠፋ ጀመር። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው መጀመሪያ የማታውን ፈረቃ አስቀረ፣ ቀጥሎ የቀኑን፣ በመጨረሻ በሩን በሰንሰለት አሰረው። በዙሪያው የነበሩት ሻይ ቤቶች፣ ጫማ አዳሾችና ቁርጥራጭ ጨርቅ ነጋዴዎች ተራ በተራ ተከተሉት። ሰው ዕቃውን ለሽያጭ ወደ ውጭ አወጣ። መጀመሪያ ሬዲዮ፣ ከዚያ ቁም ሣጥን፣ ከዚያ አልጋ። አልጋው ሲሸጥ ፍራሹ መሬት ይወርዳል፤ ፍራሹ መሬት ሲወርድ ልጅ ያስላል። ከፋብሪካው ጀርባ ባለው ሕንጻ ታችኛው ፎቅ ላይ የሚኖር አንድ የማሽን ጠጋኝ ጠዋት ጠዋት ሥራ እንደሚሄድ ሰው ጢሙን ይላጭና በሩ ላይ ይቀመጣል።  አንድ ቀን የሚስቱ ታላቅ እህት መጣች። ማድ ቤት ገባች። የድስቶቹን ክዳን አንድ በአንድ እያነሳች አየች፤ መልሳ ከደነች።  ግራ እጇን ወደ ታናሿ ዘረጋች።

«ፍቺልኝ» አለች።

እጇ ላይ የነበረው የብር አምባር ነው። የጥንት ግብጾች በድንጋይ ላይ ይቀርጿቸው የነበሩትን ምስሎች አስመስሎ አንድ ስሙ የማይታወቅ አንጥረኛ ድሮ የሠራው፣ እናታቸው ለታላቋ ገና በልጅነቷ የሰጠቻት። ስድስት ትናንሽ ሰሌዳዎች በቀጫጭን ቀለበቶች ተያይዘዋል። በአንዱ ጢንዚዛ አለ፣ በአንዱ የተኳለ ዓይን፣ በአንዱ ጀልባ፤ ቀጥላ ክንፏን የዘረጋች ሴት፣ ከእሷ ቀጥሎ የጭልፊት ራስ ያለው ሰው፤ የመጨረሻው የውሃ ላይ አበባ ነው። መዝጊያው በሁለት ቀዳዳዎች ውስጥ የሚያልፍ የብር ስንጥር ነው። ለባሿ በአንድ እጇ ልትከፍተውም ልትዘጋውም አትችልም። ከልጅነታቸው ጀምሮ ታናሽየዋ ነበረች የምትዘጋላት። አሁን ፈታችላት።

«አስይዢው» አለች ታላቅየዋ። «ሲደላሽ ትመልሺልኛለሽ።»

አስያዘችው። ክረምቱ ታለፈ፤ ባልየው ሌላ ቦታ ሥራ አገኘ፤ ልጃቸውን ሳሉ ለቀቀው። አምባሩን ከአራጣ አበዳሪው እጅ ማውጣት ግን ዓመታት ፈጀ። በዚህ መሀል ታላቅየዋ ባሏን ተከትላ ሌላ ከተማ ገብታ ነበር፤ የሰው አፍ ደግሞ መንገድ አያግደውም። አራጣ አበዳሪ ጋ ያደረ ብር ቆርቆሮ ሆኖ ነው የሚመለሰው ብሎ የነገራት ዘመድ አልጠፋም። ሁለቱ የተገናኙት አንድ ለቅሶ ቤት ነው። ታናሽየዋ አምባሩን በጨርቅ ጠቅልላ በሰው ፊት እጇን ዘረጋች። ታላቅየዋ ጨርቁን እንኳ አልፈታችውም። «የኔው መሆኑን በምን አውቃለሁ?» አለች።  የተዘረጋው እጅ እንደተዘረጋ ቆየ፤ ከዚያ ተሰበሰበ። ታናሽየዋ ጥቅሉን ይዛ ቤቷ ገባች። ከዚያ ቀን ወዲህ እህትማማቾቹ ሆድና ጀርባ ሆኑ። ሰላምታ ቢኖራቸው በሦስተኛ ሰው በኩል ነው።

አሁን የማሽን ጠጋኙ የለም። ፋብሪካው መጋዘን ሆኗል። ታናሽየዋ በዚያው ሕንጻ፣ በዚያው ፎቅ፣ ከልጇና ከልጇ ሚስት ጋር ትኖራለች። ልጁ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ቤት ከሚያድርበት መንገድ የሚያድርበት ይበዛል። ሚስቱ ገበያው ዳር ባለ ላውንደሪ እድፍ አውጪ ናት። ደም፣ የእስክሪብቶ ቀለም፣ የሞተር ዘይት፣ በድግስ ቀን የፈሰሰ ወይን፣ ሁሉም በእሷ እጅ ያልፋል። እቤትም እጇ አያርፍም። የበር እጀታ ትፈትጋለች፤ የመብራት ማጥፊያ ትፈትጋለች፤ የቆሸሸ ኮሌታ ካየች የአውቶቡስ ወረፋ ላይ እንኳ ዓይኗን ማንሳት አይሆንላትም። ባሏ «በረኪና» ብሎ ሰይሟታል፤ ሕንጻው በሙሉ በዚያው ይጠራታል። ከአማቷ ጋር አይጣሉም። አያወሩምም። አንዷ ሻይ ስታፈላ ሌላዋ ብርጭቆ ታጥባለች፤ ቀኑ በዚህ ያልፋል።

ማክሰኞ ማታ አማቲቱ ወንበር ላይ ወጥታ ከቁም ሣጥኑ አናት አንድ ጥቅል አወረደችና ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «ነገ ከሰዓት እህቴ ትመጣለች» አለች። ሌላ አልጨመረችም። እህት እንዳላት ምራቲቱ በጭምጭምታ ሰምታለች፤ ከአፏ ስትሰማ ግን የመጀመሪያዋ ነው። እንግዳ ይመጣል ማለት ለእሷ ሌላ ትርጉም የለውም፤ ቤቱ ይጽዳ ማለት ነው። ረቡዕ ጠዋት አማቲቱ ዳቦ ልትገዛ እንደወጣች ጥቅሉን ፈታችው። ውስጡ ያለው ነገር ጠቁሯል። በምስሎቹ መሀል፣ በየስንጥቁና በየጎድጓዳው ጥቁር ነገር ተጋግሯል። ስጦታ መስሏት ነበርና አዘነች። ሰው ለእህቱ እንዲህ ያለ ነገር አይሰጥም አለች በሆዷ። ላውንደሪ ቤት የብር ቁልፍ ያለው ካፖርት ሲመጣ የሚደረገውን ታውቃለች። ድስት ውስጥ ፎይል አነጠፈች፣ ሶዳ ነሰነሰች፣ የፈላ ውሃ ገለበጠችበት፣ አምባሩን ነከረችው። ውሃው የተበላሸ እንቁላል ሸተተ። እየለቀቀ ነው አለች፤ ደስ አላት። የቀረውን በጥርስ ብሩሽ ጨረሰችው። በነጭ ፎጣ ላይ ስታኖረው ከመስኮቱ የገባው ብርሃን ዓይኗን ወጋት። ትንሽ ቅር ያላት ነገር ቢኖር ምስሎቹ ከሩቅ አለመለየታቸው ነው። ጢንዚዛውም፣ ዓይኑም፣ ጀልባውም አንድ ዓይነት ነጭ ሆነዋል።

አማቲቱ ዳቦውን ይዛ ገባች። ፎጣውን አየች። ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጥ እንዳይሰበር የሚፈራ ዕቃ እንደሚያስቀምጥ ሰው ነበር።

«ምን አደረግሽው?»

«አጸዳሁት እማማ። ክፉኛ ቆሽሾ ነበር።»

«አልቆሸሸም ነበር» አለች አማቲቱ። ተቀመጠች። ብትሰድባት ይሻል ነበር። የእንግዳ ማረፊያው ክፍል ጠባብ ነው፤ ሶፋ፣ ጠረጴዛ፣ የሟቹ የጸጉር ማበጠሪያ አሁንም የተቀመጠበት መደርደሪያ።  አማቲቱ ነገሩን በአጭሩ ነገረቻት፤ ማስያዟን፣ ማውጣቷን፣ ለቅሶ ቤቱን። ፊቷን ወደ መስኮቱ አድርጋ ነው የምትናገረው። «ዛሬ የምትመጣው ከአውቶቡስ ወደ አውቶቡስ ስትሸጋገር ነው። ሴት ልጇ ጋ ልትኖር ድንበር ማዶ ትሄዳለች። በእሷ ዕድሜ ተሂዶ አይመለስም። በሰው ልኬባት፣ እሺ ሻይ ልጠጣ አለች። አሁን ይኼን ባሳያት ትናንት የተገዛ ነው የሚመስለው። ያኔም ተለውጧል ነው ያለችኝ። አሁን አንቺ እውነት አደረግሽላት።»

 ይቅርታ ማለት ለምራቲቱ አነሰባት። አምባሩን በነበረበት ጨርቅ ጠቀለለችና ብድግ አለች። «እስክትመጣ እመልሰዋለሁ እማማ።» አማቲቱ ዳቦውን መቁረጥ ጀመረች።

የወርቅና የብር መሸጫዎቹ ከገበያው በላይ ባለው ሰፊ መንገድ ዳር ተደርድረዋል። የመጀመሪያው ሱቅ መስታወቱ ከጣሪያ እስከ ወለል ነው። ሻጩ አምባሩን አየና ሚዛን ላይ ጣል አደረገው። «በክብደቱ ነው የምንገዛው» አለ። መሸጥ እንደማትፈልግ ስትነግረው ከፊቱ የነበረውን ሙቀት አነሳ። ሁለተኛው ሱቅ ያለችው ሴት ይበልጥ ቅን ናት። «አሮጌ መሆን አለበት፤ ግን አሮጌነቱ የት ሄደ?» አለቻት። ምራቲቱ የጠዋቱን ነገረቻት። «ጋሽ ጉጠት ጋ ሂጂ። ታች፣ ከደረጃው ሥር። ስሙን እሱም ረስቶታል፤ ጉጠት ብለሽ ጥሪው።»

ጋሽ ጉጠት የሚሠራው የአንድ ትልቅ ሕንጻ ደረጃ ሥር በተረፈች ጎድጓዳ ቦታ ነው። በላዩ ቀኑን ሙሉ ሰው ይወጣል፣ ይወርዳል። ጠረጴዛው የትምህርት ቤት ዴስክ ነው፤ በላዩ ብር የሚበይድበት የትንፋሽ መብራት፣ ሞረዶች፣ ከማንኛውም ሰው ጣት የቀጠኑ ጉጠቶች አሉ። አምባሩን ተቀብሎ ለረጅም ጊዜ አገላበጠ።

«ማነው የገደለው?»

«እኔ ነኝ።»

«በምን?»

«በፎይልና በሶዳ። ላውንደሪ ነው የምሠራው።»

«ታዲያ ተኩሰሽ አጣጥፈሽ አታመጪውም ነበር?» አለ ሳይስቅ። ከላይ አንድ ከባድ እግር ወረደ፤ አቧራ ዴስኩ ላይ ተነሰነሰ፤ እሱ በእስትንፋሱ እፍ አለው። «የጥንት አይደለም ይኼ። የጥንቱን አስመስለው የሠሩት ነው፤ ቢሆንም ከኔ ቢበልጥ እንጂ አያንስም። ሠሪው ጥቁሩን ያኖረው አውቆ ነው፤ ከዚያ ዕድሜ ጨመረበት። ብር ብቻውን ሥዕል አይሆንም። ጥላ ይፈልጋል።»

«ይመለሳል?»

«ስታጥቢው ምን ሸተተሽ?»

«የተበላሸ እንቁላል።»

«እሱ ነው የወጣው። በመጣበት ይመለሳል» አለ። መድኃኒት እንዳለው ነገራት፤ ቢነከር ወዲያው ይጠቁራል፤ ግን አዲስ ጫማ ላይ እንደተቀባ ቀለም ያስታውቃል፤ የሚያውቅ ዓይን አይሸነገልም። የዝግታው መንገድ ሌላ ነው። እንቁላል በደንብ ይቀቀል፣ በትኩሱ አስኳሉ ይፈረካከስ፣ ክዳን ባለው ጣሳ ውስጥ ይሁን፤ አምባሩ እንቁላሉን ሳይነካ በትንሽ ሳህን ላይ ይቀመጥ፤ ጣሳው ሙቀት ያለበት ቦታ ይዋል። «መጀመሪያ ማር ይመስላል፣ ከዚያ ሻይ፣ ከዚያ ይጠቁራል። ሲጠቁር ከፍ ከፍ ያለውን በአውራ ጣትሽ ጥረጊው። በጣትሽ ብቻ። ጨርቅ እንዳታስነኪው፤ ብሩሽ ያየሁብሽ እንደሆነ እኔና አንቺ አንተዋወቅም።» ይህን እያለ አምባሩን በጣቶቹ መሀል ያስኬድ ነበር። አንድ ቦታ ሲደርስ ቆመ። መነጽሩን ወደ አፍንጫው ጫፍ ገፋ።

«ይኼን ጭልፊት ማን ገለበጠው?»

ምራቲቱ ጎንበስ አለች። እውነቱን ነው። ሌሎቹ ሁሉ ራሳቸው ወደ ላይ ነው፤ የጭልፊት ራስ ያለው ሰውዬ ብቻ በአናቱ ቆሟል። ጠዋት ስታጥበው አላየችም፤ እድፉን ነበር የምታየው። «አንድ ጊዜ ተበጥሶ ጠጋኝ በጥድፊያ ገልብጦ ያያያዘው ነው» አለ ጋሽ ጉጠት። «የኛ ሰው ያሳፍራል አንዳንዴ። ግድ የለም፣ በነካ እጄ ላስተካክልልሽ፤ አላስከፍልሽም።» ጉጠቱን አነሳ፤ አንዱን ቀለበት ከፈት አደረገው።

«ይቆዩ» አለች።

«ምነው?»

ምነው እንደሆነ እሷም አላወቀችም። የምታውቀው ጠዋትም እንዲህ መጀመሩን ነው። ማንም ሳይጠይቃት፣ የሰው ዕቃ ላይ ጉድለት አይታ፣ ደስ ይላቸዋል ብላ። «የኔ አይደለም ጋሼ። የባለቤቷን ነገር አላውቅም። እንደነበረ ይሁን።» ጋሽ ጉጠት አያት። ቀለበቱን መልሶ ገጠመው። «እሺ፤ በአናቱ ይቁም» አለ። ዋጋውን ስትጠይቀው ከዴስኩ ሥር ብርቱካንማ ዝገት የነካው ግራጫ ካፖርት አወጣ። «የኔን እድፍ ግን አትዘኚለት።»

ላውንደሪው ሰፊ አዳራሽ ነው። ከፊት ለደንበኛ ባንኮኒ፣ ከኋላ ማጠቢያዎቹ፣ ጥግ ላይ የእንፋሎት መተኮሻውን የሚያሞቀው ቦይለር። እንቁላሎቹን እዚያው ቀቀለቻቸው። ጣሳው የወተት ዱቄት ጣሳ ነው። ቦይለሩ ላይ አኖረችውና ወደ ሥራዋ ዞረች። ከመክፈቻ ሰዓት በኋላ ነው የገባችው፤ የላውንደሪው ባለቤት ግን ስለ መዘግየቷ ከመናገሩ በፊት አፍንጫው ተናገረ። «እዚህ ቤት እንቁላል የሞተበት ሰው አለ እንዴ?» አለ። ምራቲቱ ለቤተሰብ ጉዳይ ነው አለችው። «የማን ቤተሰብ ነው እንዲህ የሚሸተው?» አለ። አንድ ሙሉ ልብስ ሊወስድ የመጣ ደንበኛ ኮቱን ወደ አፍንጫው ጠጋ አድርጎ አሸተተና በጥርጣሬ ከፈለ። ባለቤቱ መስኮት ከፈተ፣ በር ከፈተ፣ በመጨረሻ ራሱ ውጭ ወጥቶ ቆመ። እንዲጣል ግን አላዘዘም፤ ይህች ሴት በእጇ ያዳነችለትን ደንበኛ ብዛት ያውቃል።

በየመሀሉ ክዳኑን እየከፈተች ታያለች። መጀመሪያ ምንም አልነበረም፤ ነጩ እንደነጣ ነው።  የአንድ ሰው ሸሚዝ ላይ የፈሰሰ ቀለም እያስለቀቀች ሳለ አሰበችው፤ እድሜዋን ሙሉ የፈራችው እድፍ አልለቅም እንዳይል ነው፤ ዛሬ የፈራችው አልይዝም እንዳይል ሆነ። ምሳ ሰዓት ላይ ስትከፍተው በሰሌዳዎቹ ጠርዝ ላይ የማር ቀለም ነበር። ቀጥሎ ሻይ ሆነ። ቀጥሎ የሴትየዋ ክንፍ ላባ በላባ ወጣ፤ የተኳለው ዓይን ኩሉን አገኘ፤ ጀልባው ከውሃው ተለየ። ጣሳውን ዘግታ ቁጭ አለች፤ እንደገና ከፈተች። ባለቤቱ ከበሩ ላይ ሆኖ «ተወለደ ወይ?» አላት። «ወንድ ነው» አለችው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቅ ሰማችው። ከሰዓት በኋላ አምባሩን አወጣችና መስኮቱ ሥር ተቀምጣ በአውራ ጣቷ ትጠርገው ጀመር። ከፍ ያለው ይነጣል፤ የጎደጎደው ይጠቁራል። እጇ ወደ ጎድጓዳው መግባት ይፈልጋል፤ ልማድ ነው። ትመልሰዋለች። ጣቷ ላይ የቀረውን ጥቁር ሳታጥበው ወጣች።

ቤት ስትደርስ አማቲቱ ብርጭቆ ደርድራ ጨርሳ ነበር። አዲሱን ቀሚሷን ለብሳለች። አምባሩን ተቀብላ ወደ መስኮቱ ወሰደችው። ትከሻዋ ዝቅ ሲል ምራቲቱ ከኋላ አየች።

«መሰለ» አለች አማቲቱ። «አዎ። መሰለ።»

«እማማ፣ ይኼ ጭልፊት ድሮም የተገለበጠ ነበር?»

አማቲቱ ወደ ብርሃኑ አስጠግታ አየችው። «አላውቅም» አለች። «እኔ መዝጊያውን ነበር የምዘጋው። ምስሎቹን እሷ ናት የምታያቸው።» ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። ያሰበችው ምን እንደሆነ ምራቲቱ ገባት። አራጣ አበዳሪው ጋ ተበጥሶ ከሆነ፣ እዚያ የተገለበጠ ከሆነ፣ እህትየዋ ሌላ ነው ለማለት ከዚህ የተሻለ ምስክር አትፈልግም። ምራቲቱ ለጋሽ ጉጠት «ይቆዩ» ያለችበት ድምፅ ጆሮዋ ላይ ተመለሰ። ሁለተኛ ስህተቷ ይሆናል አለች። አሁን ግን መሄጃ ሰዓት የለም። በሩ ተንኳኳ።

ታላቅ እህት ቀጭን፣ ቀጥ ያለች ሴት ናት። አንድ ሻንጣ ይዛለች፤ ሻንጣውን ከበሩ አጠገብ አኖረችው፤ ከዚያ በላይ አላስገባችውም። እህትማማቾቹ ጉንጭ ለጉንጭ ተነካኩ። መንገዱ እንዴት ነበር ተባለ። ደህና ነበር ተባለ። አውቶቡሱ ሙቀት ነበረው፤ ሹፌሩ መስኮት አታስከፍት ብሎ ከአንድ ሽማግሌ ጋር ተጣልቷል። ልጆችሽስ? ደህና ናቸው። ያንቺስ? መንገድ ላይ ነው፤ ጭነት ይዟል። ሻዩ ተቀዳ። የዳቦ ዋጋ መወደዱ ተነሳ፤ እዚያም እንዲሁ ነው ተባለ፤ ሁሉም ቦታ እንዲሁ ነው። ከዚያ ወሬው አለቀ። ታላቅ እህት ክፍሉን በዓይኗ ዞረች፤ ማበጠሪያው ላይ ትንሽ ቆየች፤ ማድ ቤቱ በር ላይ ትንሽ ቆየች። እዚያ ቆማ የድስት ክዳን ማንሳቷን ያስታወሰች ይመስላል። አማቲቱ ጥቅሉን አንስታ ሻይ ብርጭቆዎቹ መሀል አኖረችው። በእጇ አልዘረጋችላትም። ያ አንድ ጊዜ ሆኗል።

«ያንቺ ነው እትዬ» አለች። «ተቀበይም አትቀበይም፣ እኔ ጋ እንዲያድር አልፈልግም።»

ታላቅ እህት ጥቅሉን አየችው። ቆይታ ፈታችው። አምባሩ ጨርቁ ላይ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ተዘረጋ። አላነሳችውም። ምራቲቱ ከማድ ቤቱ በር ላይ ቆማ ጥቁሯን ጣቷን በመዳፏ ውስጥ ደብቃለች። ታላቅ እህት በአውራ ጣቷ ከአንደኛው ጫፍ ጀመረች። ጢንዚዛውን ነካችው፣ ዓይኑን፣ ጀልባውን፣ ክንፍ ያላትን ሴት። አትቸኩልም። አምስተኛው ሰሌዳ ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። አምባሩን አነሳች። ወደ ዓይኗ አቀረበችው፤ አራቀችው። አማቲቱ የሻይ ብርጭቆዋን ይዛለች፤ አትጠጣም።

«እዚሁ ነህ?» አለች ታላቅ እህት። የምታናግረው ጭልፊቱን ነው።



«ልጅ ሳለሁ በጠሰኩት» አለች፣ ድምፅዋ ከቅድሙ ዝቅ ብሎ። «እናታችን ሳታይ ጠጋኝ ጋ ወሰድኩት። ይኼን ጭልፊት ገልብጦ አያያዘው። ጠጋኙን ልጣላ መንገድ ጀምሬ፣ ሄድ እንዳልኩ እጄን አየሁ። ሌሎቹ ሁሉ ፊታቸውን የሚሰጡት ፊት ለፊት ላለ ሰው ነው። እኔ ሳያቸው በአናታቸው ናቸው። እሱ ብቻ ለኔ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ተመለስኩ። ለማንም አልነገርኩም። ለእናታችንም፣ ለባሌም።»  ጨርቁን በጣቷ አስተካከለች። «ይኼን አራጣ አበዳሪ አያውቀውም። የሚለውጥ ሰው አስተካክሎ ነበር የሚሠራው።»

አማቲቱ ብርጭቆዋን አስቀመጠች።

«ያን ቀን ፈትቼው ባየው ኖሮ» አለች ታላቅ እህት። የቀረውን አልጨረሰችውም። መጨረስም አላስፈለገም፤ ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁሉ መጨረሻውን ያውቁታል። ከዚያ አፍንጫዋን ወደ አምባሩ ጠጋ አደረገች። «ምን ምን ይላል? እንቁላል ነው?»

ምራቲቱ ከበሩ ላይ ወደፊት መጣች። «እኔ ነኝ እትዬ። ጠዋት አጥቤው ነጭ አደረግሁት። እድፍ መስሎኝ። በእንቁላል ነው የመለስኩት።» ጣቷን አሳየች።

ታላቅ እህት ጣቱን አየች፣ ሴትዮዋን አየች፣ ወደ ታናሿ ዞረች። «ማናት ይህች፣ እድፍ በሰዓት አውጥታ በሰዓት የምታስገባ?»

«የኛ በረኪና ናት» አለች አማቲቱ። በዚህ ስም ጠርታት አታውቅም። «ልጄ ነው ያመጣት። መንገድ ላይ ካመጣው ጭነት ሁሉ ደህናው እሷ ናት።»

ታላቅ እህት ሳቀች። ሳቁ አጭር ነው፤ ግን ሁለቱም እህትማማቾች ፊት ላይ በአንድ ጊዜ ታየ፤ ያን ጊዜ ምራቲቱ መመሳሰላቸውን አየች። ሰዓቱ ታየ። ሁለተኛው አውቶቡስ ሊቀርብ ነው። ታላቅ እህት ሻይዋን እስከ ዝቃጩ ጠጣች፤ ቀሚሷን አራገፈች፤ የግራ እጅጌዋን ወደ ላይ ሰበሰበች። አንጓዋ ከስቷል፤ አጥንቱ ወጥቷል። እጇን ጠረጴዛው ላይ አሻግራ ዘረጋች።

«ዝጊልኝ» አለች።

አማቲቱ አምባሩን አዞረችባት። ጭልፊቱ ቦታውን ያዘ። ስንጥሩን በሁለት ጣቷ ያዘችና ቀዳዳውን ፈለገች።  ሳተች፤ እንደገና ሳተች። ምራቲቱ ልትረዳ ጎንበስ ስትል አማቲቱ በክርኗ መለሰቻት።

«ተይ» አለች። «ይኼ የኔ ነው።»

ታላቅ እህት እጇን አልሰበሰበችም። ውጭ የአውቶቡስ ጥሩምባ ተሰማ። ስንጥሩ የመጀመሪያውን ቀዳዳ አገኘ፤ አለፈና ሁለተኛው ውስጥ ገባ።